አናስታሺያን ማን አወጣት

ኪልናግራ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1937

ለወንድሜ ለጋሬት፣

ሰላምታዬ አንተንም ሚስትህን ሚውሪየልንም በደህና ያግኛችሁ። ለገና የላክህልኝ ሻይ ደርሶኛል፤ እስካሁን ሳላመሰግንህ መክረሜ ስንፍና ነውና ይቅር በለኝ። ስለ ጉልበቴ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እንደ አየሩ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ናንስ ደህና ናት። አላነሳሃትም እንጂ ደህና ናት።

የቅድመ አያታችንን የእመት አናስታሺያን ሥዕል እርጥበት አልነካትም። ናንስ የወጥ ቤቱን ሥራ ስትጨርስ በየሳምንቱ በደረቅ ፍላኔላ ጨርቅ ትወለውላታለች። ትልቁ ቤት ከተቃጠለ አሥራ አራት ዓመት ሆነው፣ እኛ ግን ዛሬም ከዚህ ከእርሻው ተቆጣጣሪ ቤት አልወጣንም። ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ እመት አናስታሺያ ያን ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማራገቢያዋን ይዛ ስትሰቀል፣ እራት የሚበላ ሰው ጭን ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ክፈፍም የላት።

አሁን የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሚስተር ሃኬት የሚባል ሰው ከደብሊን የሥዕል ቤት መጥቶ ነበር። ከማሎው ጣቢያ እስከዚህ በብስክሌት፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ፤ ሥዕሏን ሲያይ አወለቀ። ለእኔ ያላወለቀውን ለእሷ አወለቀላት። በ1766 ገደማ ደብሊን ውስጥ የተሣለች ናት፣ ሠዓሊውንም በእጅ አሣሣሉ አወቅሁት አለ። አንዱ እጇ ገለባ የተሞላ ጓንት የሚመስለው ለካ ሰውየው እጅ መሣል ስለማይሆንለት ነው። እኔና አንተ ልጆች ሳለን ቁርጥማት ነው እንል ነበር።

በሜይ ወር ደብሊን ባለው የሥዕል ቤት የድሮ ቤተሰቦች ምስል ለሕዝብ ይታያል። አናስታሺያንም ይፈልጓታል። ቅጹን ልኬልሃለሁ። በአባባ ኑዛዜ ባለቤቷ አንተ ነህና ከታች ፈርምልኝ። አንድ መስመር ነው፤ ሌላ ምንም አይጠይቁህም።

እህትህ ኡርሱላ


ስዋንዚ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1937

እህት ዓለም፣

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። ሚውሪየል ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሥዕሏን አይታት አታውቅም፤ እንደምታውቂው የእኛ ሁለት ክፍል አናስታሺያን ችሎ አያስገባም።

በፖስት ካርድሽ ላይ ለአባባ ሙት ዓመት ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀሽኛል። ሥራ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል። የወደቡ ቢሮ በዚህ ወር ሰው አያስወጣም።

ቅጹን በተመለከተ፣ እፈርማለሁ፤ ግን እንዲሁ አይሆንም። ያለ ታሪኳ ብትሰቀል ማንኛዋም ቢጫ የለበሰች ሴት ናት። እኔ ታሪኳን ጽፌአለሁ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ከዚህ ጋር አለ። ለሚስተር ሃኬት ስጪውና በሥዕል ቤቱ መጽሔት ያትሙት። ከሥዕሏም ሥር በካርድ ላይ እንዲህ ይባል፤ «በ1923 ከተቃጠለው የኪልናግራ ቤት የቤቱ ልጅ ጋሬት ሮናይን በጀርባው ተሸክሞ ያወጣት።» አባባ በኑዛዜው የጻፈውን ታስታውሺያለሽ፤ «የአናስታሺያ ሮናይን ምስል ከእሳት ላወጣት ለልጄ ለጋሬት ይሁን።» እኔ የጨመርሁት የለም።

ሃምሳ ዓመቴ ነው። የድንጋይ ከሰል መርከብ ስም ስመዘግብ ኖሬአለሁ። የእኔ ስም ከአንድ መልካም ነገር ጋር አንድ ጊዜ ቢታተም ለማን ይከብዳል?

ወንድምሽ ጋሬት


ኪልናግራ፣ ማርች 5 ቀን 1937

ጋሬት ሆይ፣

ስለ መልሴ መዘግየት ይቅርታ። የብላክዋተር ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ይዞት ነበር፤ ፖስተኛው ሦስት ቀን አልመጣም። ሚስተር ሃኬትም ጉንፋን ይዞት ተኝቷል ይላሉ። አንዷ ላም ወልዳለች።

ስለ ካርዱ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሥዕል ለማየት ነው፤ የእሳት ወሬ ለመስማት አይደለም። በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ከዚህ አገር ያልተቃጠለ የባላባት ቤት ስንት አለ? ያቃጠሉትም ሰዎች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን እንወጣለን። ነገሩን ባናነሳው ይሻላል። ዝም ብለህ ፈርም፣ ጋሬት። ስለ እኔ ብለህ።

ለማርመላታው ሚውሪየልን አመስግንልኝ።

ኡርሱላ


ስዋንዚ፣ ማርች 13 ቀን 1937

ኡርሱላ፣

ላሟ እንኳን በደህና ተገላገለች። የእኔ ጥያቄ ግን እንዳረገዘ ነው።

ሦስት ጊዜ ጻፍሁልሽ። ጎርፍ ትይኛለሽ፣ ጉንፋን ትይኛለሽ፣ ጎረቤት ትይኛለሽ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ በቀጥታ ለሚስተር ሃኬት ጻፍሁ። ሰውየው በአራተኛው ቀን መለሰልኝ፤ ጉንፋንም አልያዘው፤ ከእህቴ ምንም ጽሑፍ አልደረሰኝም ይላል። ፖስታ ቤቱ አጥፍቶብሽ ከሆነ ንገሪኝና እከሰዋለሁ። ካልሆነ ደግሞ ሁለቱን ገጾቼን ምን አደረግሻቸው? ለምንስ?

በኑዛዜ የኔ የሆነችው ሥዕል ቤትሽ መሰቀሏ የአንቺ አያደርጋትም።

ጋሬት


ኪልናግራ፣ ማርች 19 ቀን 1937

ጋሬት፣

ፖስታ ቤቱን አትክሰስ። ሁለቱ ገጾችህ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከመቁጠሪያዬ ሥር ናቸው። አልጠፉም፤ አልላክኋቸውም። ዋሽቼሃለሁና ለውሸቱ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ላለመላኬ ግን አልጠይቅም።

ለምን ብለህ ጽፈሃል፣ ከሥሩም አስምረህበታል። እንግዲያው ስማ።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ከቤት እንድንወጣ ሩብ ሰዓት ሰጡን። አባባን በሌሊት ልብሱ አውጥተን ግቢው መካከል በወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እሳቱ ደረጃውን ሲይዝ «አናስታሺያ ውስጥ ናት፣ አናስታሺያን አውጡልኝ» እያለ ይጮህ ጀመር። ከሰዎቹ አንዱ የምር ሴት የቀረች መስሎት ጠብመንጃውን ጥሎ ሊገባ ሲል ጓደኛው ያዘው። አንተ ከውሃው ፓምፕ አጠገብ ነበርህ። ሁለቱንም እጅህን ባልዲ ውስጥ ነክረህ ውሃውን ታያለህ። ሁለት ጊዜ ጠራሁህ፣ አልሰማኸኝም። በዚህ አልወቅስህም። በእንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም።

ናንስ ከወተት ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍሏ እየሮጠች ነበር። ሣጥኗ እዚያ ነበር፣ ለጉዞ የታሰረ። ቦስተን ያለችው እህቷ የላከችላት የመርከብ ቲኬት ከነወረቀቶቿ ውስጡ ነው፤ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ግማሽ መንገድ ደርሳ የአባባን ጩኸት ሰማች። ቆመች። ወደ ላይ አየች፣ ወደ እኛ አየች፤ ከዚያ ተመልሳ በወጥ ቤቱ በር ገባች። ክፈፉን በሥጋ መጥረቢያ ገንጥላ ሥዕሏን እንደ ልጅ አዝላ ወጣች። ግራ ክንዷ ከክርኗ እስከ መዳፏ ተቃጥሏል። በሩ ላይ የተቀበልሃት አንተ ነህ፤ እሷ ክንዷን የፈረሶቹ ገንዳ ውስጥ ልትነክር ሮጠች። አባባ ቀና ሲል ያየው አንተን ነው፣ አናስታሺያን ታቅፈህ።

ወዲያው የወተት ቤቱ ጣራ ወደቀ። የናንስ እህት ባል ሁለተኛ ቲኬት አልልክም አለ፤ በዓመቱም የአሜሪካ በር ጠበበ።

ይህን ሁሉ ታውቃለህ ወይስ ረስተኸዋል? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ይህ ነው። አባባ አምኖት ሞተ፤ ስለዚህ ተውሁት። ታትሞ ሰው ሁሉ ሲያነበው ግን ዝም ልል አልችልም። ናንስም ማንበብ ትችላለች።

ኡርሱላ


ኪልናግራ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1937

ጋሬት፣

አሥራ ሰባት ቀን ሆነው። ፋሲካም አለፈ። ሚስተር ሃኬት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል ሠላሳ ነው ይላል።

ብትሰድበኝም ይሻለኛል፣ ብቻ ጻፍ።

ኡ.


ስዋንዚ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1937

ኡርሱላ፣

አልረሳሁትም።

አራት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድሁ። በመጀመሪያው ሰደብሁሽ፣ በሁለተኛው ካድሁሽ፤ የቀሩትን አላስታውሳቸውም። ይህ አምስተኛው ነው።

አባባ ያን ጧት «አንተ ነህ ያወጣሃት?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ አይ እል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ይመስለኛል። «አንተ አወጣሃት» ነው ያለኝ። እያለቀሰ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ከጎኑ ቆመሽ ነበር፤ አየሽኝ፤ ከዚያ ፊትሽን ወዲያ አዞርሽ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

እኔ ፈሪ ነበርሁ፣ እሺ። አንቺስ ምን ነበርሽ?

ለምን እንደማልመጣ በየዓመቱ ትጠይቂኛለሽ። በ1924 ለፋሲካ ስመጣ ናንስ ሾርባ አቀረበችልኝ። እጅጌዋ ተሰብስቦ ነበር። ያን ክንድ ከፊቴ ዘርግታ «ልጨምርልዎ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልቻልሁም። ለአባባ ቀብር እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለስሁ። ታሪኩን ለሚውሪየል ብዙ ጊዜ ነገርኋት፤ ብዙ ሲነገር ደግሞ እውነት እውነት ይሸታል። ሁለቱን ገጽ ስጽፍ ምኑ የእኔ ምኑ የናንስ እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበር ብልሽ ግማሹ እውነት ነው።

ትናንት ነገረ ፈጅ ዘንድ ሄድሁ። ሥዕሏን ለናንስ ሃሊናን በስጦታ ሰጥቻለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው። ትሽጣት፣ ትስቀላት፣ እንዳሻት። ወደ ቦስተን መሄድም ከፈለገች መንገዷን እኔ እችላለሁ። ንገሪያት። አንቺ ንገሪያት፤ እኔ አልችልም።

ጋሬት


ኪልናግራ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1937

ጋሬት፣

ምን አለች ብለህ ቴሌግራም በመላክህ ደግ አላደረግህም፤ ፖስተኛው መንደሩን ሁሉ አዳርሶ ነው ለእኔ የሰጠኝ። ሰው የሞተ መስሏቸው ሁለት ጎረቤቶች ኬክ ይዘው መጥተዋል።

ነገርኋት። ድንች እየላጠች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ስለ መንገዱም ያልኸውን ነገርኋት።

«ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እትዬ» አለች። «እሱንም በፖስታ ይልኩልኛል?»

እህቷ በ1931 ሞታለች። ቦስተን ውስጥ የሚያውቃት ሰው የለም።

ሥዕሏን አልፈልግም አለች። እኔ በየሳምንቱ ስትወለውላት አይቼ የምትወዳት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድም ቀን ወዳት አታውቅም፤ ሥራ ስለሆነ ነው የምትወለውላት፤ ፊቷን በጠረገች ቁጥር የሚታያት ያ ሣጥን ነው። ውስጡ የነበረውን ሁሉ ቆጠረችልኝ፤ ሰማያዊ ካፖርት፣ የእናቷ ማበጠሪያ፣ ገና ያልተጫማ ጫማ። አንድም አልዘነጋችም።

ወንድሜ ይቅርታ ይጠይቅሻል አልኋት። ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም አለች።

«እሳቸው ፈሩ፣ የፈራ ሰው ምን ይባላል። እርስዎ ግን አልፈሩም።»

ይህን ካለች በኋላ ድስቱን አነሳችና ወጣች። 

አንቺስ ምን ነበርሽ ብለኸኛል። ከናንስ ቀድሜ ልመልስልህ ይገባኝ ነበር። ያወጣቻት ናንስ መሆኗን አባባ ቢሰማ ኖሮ፣ አመዱ ሳይበርድ ሌላ ቲኬት ይገዛላት ነበር፤ አባባን ታውቀዋለህ። እሷ ትሄዳለች። አንተም መሄድህ እንደማይቀር ፊትህ ላይ ይታይ ነበር። እኔ የታመመ ሽማግሌ ይዤ፣ ጣራ በሌለበት፣ ብቻዬን ልቀር ነው። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ፊቴን ሳዞር ባለችው ቅጽበት ነው። ያን ያህል ፈጥኜ ማሰብ እንደምችል አላውቅም ነበር። ስለ አባባ ስል ዝም አልሁ ብዬ የጻፍሁልህም ውሸት ነው። አንተን በውሸት ስከስ የከረምሁት እኔ ነኝ።

ማታ ናንስ የምትፈልገውን ነገረችኝ። ሥዕሏ ከዚህ ቤት ትውጣ፣ ለሁልጊዜ። ለሥዕል ቤቱ ስጧት አለች። እውነተኛው ታሪክ በካርዱ ላይ ይጻፍ ብዬ ለመንኋት።

«ስሜን ከቀሚሷ ጫፍ ሥር እንዳታስቀምጡት» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ ለመንኋት። «እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ነው የሚለምኑኝ ወይስ እርስዎን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛ አልደገምሁም።

የስጦታውን ወረቀት መልሳለች። ስለዚህ ዛሬም ያንተ ናት። ለሥዕል ቤቱ አንተው ፈርምላቸው።

ኡርሱላ


ስዋንዚ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1937

ኡርሱላ፣

ፈርሜ በቀጥታ ለሚስተር ሃኬት ልኬአለሁ፤ ለዘለቄታው የሥዕል ቤቱ ናት። የእኔም ስም አይጻፍ አልኋቸው። ሚውሪየል ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ነገርኋት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የናንስን እጅ መጠን ጠየቀችኝ፤ ጓንት ልትሠራላት ነው። እባክሽ እንዳትልክ ንገሪያት፤ እኔ ብላት አትሰማኝም።

የጻፍሽልኝን አንብቤአለሁ።  ፈሪ ብዬ ራሴን ስጠራ ብቻዬን የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ሜይ ሃያ ሁለት ለመክፈቻው ደብሊን እመጣለሁ። ናንስን አምጪያት፤ ፊት ለፊት አነጋግራታለሁ። በምን ባቡር እንደምትገቡ ጻፊልኝ።

ጋሬት


ኪልናግራ፣ ጁን 2 ቀን 1937

ጋሬት፣

ያልመጣሁት ባሕሩ ተናውጦብኝ ነው ብለሃል። እሺ። የማሎው ጋዜጣ ግን ያን ሳምንት ባሕሩ እንደ መስተዋት ነበር ይላል። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልጽፍም።

በጣቢያው ሦስት ባቡር ሲገባ ጠበቅንህ። ከመጀመሪያው በኋላ እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እንጠብቅ ያለችው ናንስ ናት። «የሚሉት ካላቸው ልስማቸው» አለች። በሙቀቱ ቀን እስከ አንጓዋ የሚደርስ እጅጌ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። ከሦስተኛው በኋላ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

ምን አስመሰሏት ብለህ ጠይቀሃል። አዲስ ወርቃማ ክፈፍ ሠርተውላታል። ጭሱን ስላጠቡላት ቀሚሷ ሎሚ መስሏል። ካርዱ እንዲህ ይላል፤ «አናስታሺያ ሮናይን፣ 1766 ገደማ። የቤተሰቡ ስጦታ።» ሰው ብዙ ነበር። አንዲት ኮፍያዋ ላባ ያለው ሴት የአናስታሺያን እጅ አይታ ሳቀች።

ናንስ ከኋላ ቆማ ሰው እስኪቀንስ ጠበቀች። ከዚያ ቀረበች። ከታች በግራ በኩል፣ ሸራው ከእንጨቱ በሚገናኝበት፣ ስታወጣት የተጎዳ ቦታ ነበር፤ ሸፍነውታል። እሱን ለማየት ጎንበስ ስትል ዩኒፎርም የለበሰው ጠባቂ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራቅ በይ እንጂ» አላት። «ታበላሺዋለሽ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ልናገር ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር፤ ለዚያ ሰው ብቻ ሳይሆን አዳራሹን ለሞላው ሰው ሁሉ ልናገረው ነበር። ናንስ አንጓዬን ያዘችኝ። አያያዟ ያማል።

«ይተዉት» አለችኝ። «እኔ ነኝ እንዳይነገር ያልሁት።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ጠባቂው እስኪበቃው ድረስ አንድ እርምጃ ጨመረች። ትንሽ ቆማ አየቻትና ቀድማኝ ወጣች።

በባቡሩ ዳቦና እንቁላል በላን። ኪልዴርን ስናልፍ፣ ዮውል ውስጥ የአጎቷ ልጅ የባሕር ዳር እንግዳ ማረፊያ እንዳላት፣ አጋዥ እንደምትፈልግ፣ ለእሷም እሺ ብላ እንደጻፈች ነገረችኝ። ከጻፈች ወር አልፏታል። መቼ ነው አልኋት። ድንቹ ከተነቀለ በኋላ አለች።

«እሺ» አልሁ።

ይህቺን ቃል ለማለት አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ናንስ ቀና ብላ አየችኝ፤ የእንቁላሉን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልላ በመስኮት ጣለች።

ስለ ሥዕሏ፣ ስለ ክፈፉ፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ ሰዉ ብዛት የጠየቅኸኝን ሁሉ መለስሁልህ። ናንስ ስትሄድ እኔ እንዴት እንደምሆን አልጠየቅኸኝም። ሳትጠይቀኝ አልጽፈውም።

እህትህ ኡርሱላ